የውዱእ ድንጋያችን ጉዳይ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን በቅድሚያ የምነግራችሁ፣ ባለቤቴ ዘሀራ ቀድማኝ ሌላ ነገር ነግራችሁ ይሆናል ብዬ ስለምጠረጥር ነው። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ገመድና የላስቲክ ጫማ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ፍጥረት ሁሉ በደጄ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ የሚያምን ሰው ካለ እሱ ነጋዴ ሳይሆን ቅዱስ ወልይ ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የት አገር እንደነበረ አላውቅም፤ ሱቁ ግን መንገድ ዳር እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ።

ደንበኛ ገብቶ "ይቺ ባልዲ አታፈስም?" ቢለኝ፣ ባልዲ ሊገዛ ነው ወይስ የባልዲዬን ስም ሊያጠፋ ነው የመጣው እላለሁ። ሳይጠይቀኝ ከገዛ ደግሞ የባሰ ነው። ባልዲን ያህል ነገር ገልብጦ ቂጡን ሳያንኳኳ የሚገዛ ሰው ከማን እየሸሸ ነው? ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ያውቀኛል። አንዱ "አባባ፣ ይግቡ በነጻ ላድርስዎት" ካለኝ በእግሬ ነው የምሄደው። ደርሼ አርፌ ሻይ ስጠጣ ሁሉ ለምን በነጻ እንዳለኝ አስባለሁ።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ባልዲ አይደለም፤ ስለ ድንጋይ ነው።

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ውዱእ ስናደርግ የምንቆምበት ድንጋይ አለ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ውዱእ ከሰላት በፊት እጅ፣ ፊትና እግር የምንታጠበው ነው። እግሩን ታጥቦ መልሶ ጭቃ የሚረግጥ ሰው ምኑን ታጠበው? ስለዚህ በየቤቱ አንዳንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል። የጎረቤቶቼ ድንጋይ ጥቁር ነው። በኛ አገር ድንጋይ ከተባለ ጥቁር ነው፤ ቤት የሚሠራበትም፣ ማሳ የሚታጠርበትም፣ ውሻ የሚባረርበትም። የኛው ግን ሌላ ነው። አንዱ ጎኑ ነጣ ይላል፣ አንዱ ጎኑ ሮዝ ነው፣ መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ተሰግስጎበት ውሃ ሲፈስበትና ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ብልጭ ይላል። እኔ ከአባቴ ወረስኩት፤ አባቴ ደግሞ ከአባቱ። ዕድሜ ልኬን ቆሜበታለሁ፣ ጠጋ ብዬ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት ሲቃረብ አንድ ወጣት ሱቄ መጣ። ቁመናው መልካም ነው፤ ጫማው ግን የጨፋን ሜዳ አቧራ ሁሉ ሰብስቦ የመጣ ይመስላል። ጀሪካን እንደሚፈልግ ነገረኝ። ኑረዲን እንደሚባልና ጨፋ ላይ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር እንደሚሠራም ነገረኝ። ስሙንም ሥራውንም ማንም አልጠየቀውም። ይህን በልቤ ያዝኩት።

ጀሪካኑን ሳወርድለት አዛን አለ።

"አባቴ፣ ካላስቸገርኩዎት እዚሁ ውዱእ ባደርግስ?" አለኝ።

ውዱእ የጠየቀ ሰው አይከለከልም። ጠላትህ ቢሆን ውሃ ታቀርብለታለህ፣ ጠላትነቱን ከሰላት በኋላ ትቀጥላለህ። አስገባሁት። ልጄ ሀያት ያን ቀን ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት በጊዜ ተመልሳ ስለነበር ማንቆርቆሪያውን ይዛ ታፈስለት ጀመር።

እኔ ታጥቤ ጨረስኩ፤ እሱ አልጨረሰም። እግሩ ላይ ሲደርስ አጎንብሶ ቀረ። ውሃው ይፈሳል፣ እሱ ድንጋዩን ያያል። ባልዲ ይሞላ የነበረ ውሃ ፈሰሰ፣ እሱ አሁንም ድንጋዩን ያያል። ከዚያ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና ጥፍሩን ተመለከተ።

"ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ከዚሁ ነው" አልኩት።

"አይመስለኝም። የዚህ አገር ድንጋይ አይደለም። ማነው ያመጣው?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ተጠምቶ የመጣ እንግዳ እንኳ ውሃውን ጠጥቶ ያመሰግናል እንጂ የእንስራውን ዘር አይቆጥርም። "የጀመዓው ሰላት ሊያመልጠን ነው" ብዬ አስነሳሁት። ሰገደ፣ መረቀኝ፣ ሄደ። ጀሪካኑን ረስቶት ሄደ። ጀሪካን ሊገዛ የመጣ ሰው ጀሪካን ከረሳ፣ ሲጀመርም ለጀሪካን አልመጣም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ አስተሳሰቤ ትክክል እንደነበረ አሁንም አምናለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ሸህ እንድሪስ ናቸው፤ በከተማችን ሸህ እንድሪስ ገብተውበት ያልታረቀ ጠብ፣ ያልተሰጠ ልጅ የለም ይባላል። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብል "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ።

"አካም ጂርቱ? ነጋ? ቤቱ ደህና? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?"

እኔ ከብት የለኝም። ግን የኛ ሰላምታ ከብት ሳይጠየቅ አያልቅም። ስለሌሉኝ ከብቶች ጤንነት አልሀምዱሊላህ አልኩና ነገሩ ወደ ቁም ነገር ገባ።

"ልጅህን ሀያትን ለልጃችን ለኑረዲን እንድትሰጠን ነው የመጣነው" አሉ ሸህ እንድሪስ።

"የትኛው ኑረዲን?"

"ያ የድንጋይ ተማሪው። ጂኦሎጂ ነው የሚሉት። ማሻአላህ፣ ድንጋይ ከላይ አይቶ ከውስጡ ያለውን የሚያውቅ ልጅ ነው።"

ከውስጡ ያለውን የሚያውቅ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለምና ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ "ዘመድ እናማክርበት፣ ተመለሱ" ብዬ በክብር ሸኘኋቸው። ዘመድ ግን አላማከርኩም። ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ነው የሄድኩት።

ነገሩን እናንተም እንደኔ አገጣጥሙት። ድንጋይ አይቶ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ቤቴ ይገባል። ድንጋዬ ላይ አጎንብሶ ይቀራል። ከየት መጣ፣ ማን አመጣው ይላል። በሳምንቱ ልጄን ይለምናል። ልጄን ለምን? አማች ከሆነ በኋላ ግቢው ግቢው ነው፣ በርሜሉ በርሜሉ ነው፣ "አባቴ ይህን አሮጌ ድንጋይ ላንሳልዎት፣ በሲሚንቶ ልሥራልዎት" ብሎ ቢጭነው ማን ይጠይቀዋል? ደግሞስ አያቴ! አገሩ በሙሉ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ ሰው እንዴት ድንጋይ ከሩቅ ተሸክሞ ይመጣል? አያቴ ያለ ምክንያት ሸክም የሚወድ ሰው እንዳልነበረ አባቴ ይነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ዘሀራ ገበያ ስትሄድ መነጽሬን አድርጌ በሆዴ ተኛሁና ድንጋዩን መረመርኩት። ያ የሚያብለጨልጨው ነገር በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይነሳል። መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ፀሐይ ሳዞረው ቢጫ ሆነ። ቢጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ነገር ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔ ስሙን ለመጥራት ፈርቼ ዙሪያዬን አየሁ። የጎረቤታችን ዶሮ አጥሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

ከዚያ በመዶሻ ከዳሩ ትንሽ ፈልጬ ወደ ቤት ገባሁ። ሁሉም እንደሚያውቀው አልማዝ መስታወት ይቆርጣል። ፍላጩን በቡፌው መስታወት ላይ ጫን አድርጌ ብጎትተው ጭርርር ብሎ ነጭ መስመር ተወ። ወርቅ መስሎኝ የነበረው ጉዳይ አልማዝም ጨምሮበት አረፈው። ለማረጋገጥ ሌላ መስመር አሰመርኩ፤ ለማረጋገጫው ማረጋገጫ ደግሞ ሌላ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለችኝ ዘሀራ ከበሩ ላይ።

"ምንም።"

"ቡፌዬ ላይ የሚንጫጫው ምንም ነው?"

"ዘሀራ፣ መስታወት የሚቆርጥ ምንድን ነው?"

"ያበደ ባል" አለችና ዘምቢሏን አስቀመጠች። ነገሩን ልነግራት አሰብኩ፤ ግን ሴት እህት አላት፣ እህት ደግሞ ጎረቤት አላት። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ከሚሴ ውስጥ ለማንም ማሳየት አይሆንም። ስለዚህ ሰኞ ፍላጯን በመሀረብ ቋጥሬ፣ ለባቲ ገበያ ብዬ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ገና በሩ ሳይዘጋ "ወዴት ነዎት?" አለኝ። "ደሴ" አልኩት። ሚኒባሱ የሚሄደው ባቲ ነው፣ ረዳቱም ባቲ ባቲ እያለ ነው የጠራን፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነበርና ዝም አለ። ባቲ ደርሰን ስወርድ "ደሴ ደረስን እኮ" ብሎኝ ሄደ።

የባቲን ገበያ ታውቁታላችሁ። ከቆላ ግመል ነድተው የመጡ አፋሮች፣ ከደጋ እህል ጭነው የወረዱ ገበሬዎች፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። እኔ ግመልም እህልም ሳላይ በጥግ በጥጉ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ዘንድ ገባሁ። በሩን ልዘጋው ስል "ሙቀቱ ይገድለናል" አለኝ። መሀረቡን ፈታሁ። ፍላጯን አነሳ፣ በጥቁሩ የወርቅ መፈተኛው ላይ ፈተጋት፣ አየ፣ መለሰልኝ።

"ድንጋይ ነው" አለኝ።

"ድንጋይ መሆኑን አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ምን አለፋህ?"

ወርቅ ነው ቢለኝ ኖሮ አምነዋለሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላምነውም። ድንጋይ ነው ያለኝን ግን ጭራሽ አላመንኩትም። ነጋዴ ሲያጣጥል ነው ሊገዛ የፈለገው። አስተውዬ አየሁት። ዓይኑን ከፍላጯ ላይ አንስቶ ወደ ሥራው መለሰ፤ እንዲህ ቶሎ ያነሳው ሊያያት እንደሚፈልግ እንዳላውቅበት ነው። መሀረቤን ስቋጥር ደግሞ "ከፈለግህ ተዋት፣ ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭንባታለሁ" አለ። ይኸው ነው፤ ተያዘ! ባቲን የሚያህል አገር ድንጋይ ሞልቶ የኔን ፍላጭ ለወረቀት መጫኛ? ሮጬ ወጣሁ። እየሮጥኩ አንድ ግመል ላይ ተላተምኩ፤ ባለቤቱ "ደህና ነህ?" ሲለኝ መሀረቤን በደረቴ አስጠግቼ "ምንም አልያዝኩም" አልኩት።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ እኔ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበርኩ። ሸህ እንድሪስ በፈገግታ "ዘመድ ምን አለ?" አሉኝ። እምቢ ማለት አልፈለግሁም። የድንጋዩን ጉዳይ ከተውንለት ኑረዲን ነውር የለበትም፤ ዘሩ ተጠይቋል፣ ሰላቱ ተጠይቋል፣ ሁሉም ደህና ነው። ሀያትም ስሙ በተነሳ ቁጥር የሆነ ነገር ልታመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ምንም ሳትይዝ ትመለሳለች። ስለዚህ በብልሃት መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

"ልጄን መስጠቱን እሰጣለሁ" አልኩ። "ድንጋዩን ግን አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው በኦሮምኛ "ዳጋ ማሊ?" አለ ከጎኑ ላለው፣ ምን ድንጋይ ነው ማለቱ ነው። ያኛውም ትከሻውን ሰበቀ።

"ድንጋይ የለመነህ አለ እንዴ?" አሉ ሸህ እንድሪስ።

"አልተለመንኩም። አስቀድሜ መናገሬ ነው።"

ሽማግሌዎች ጥሎሽ ሲበዛ ያውቃሉ፣ ዘመድ ሲከፋ ያውቃሉ፣ ለሁሉም መላ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ግን በሽምግልናቸው ገጥሟቸው አያውቅም። "እንመካከርበት" ብለው ወጡ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ዞር ብለው ወደ በርሜሉ አዩ። ያን ጊዜ ነው በገዛ አፌ የሠራሁት ሥራ የገባኝ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ። በማግስቱ የአስር ሰላት ሲደርስ አንድ ጎረቤት በሩን አንኳኳ። "መስጊዱ ጋ ሰው በዝቷል፣ እዚሁ ውዱእ ላድርግ?" አለኝ። አስገባሁት። እሱ ሳይወጣ ሌላው መጣ። ቀጥሎ አይቼው የማላውቀው ሰው። ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከነረዳቱ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መጣ። ውዱእ አይከለከልም ብያችሁ የለ? ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። ከዕለት ወደ ዕለት በከሚሴ ለሰላት የሚተጋ ሰው በዛ። አንዳንዱ በልጅነቱ የተማረውን ረስቶ እግሩን ከፊቱ ቀድሞ ያጥባል። ሁሉም ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ያጎነብሳል፣ ሁሉም በጥፍሩ ይጭራል።

አንዲት አሮጊት ድንጋዩ ከአንድ ወልይ ቀብር የመጣ ነው ብላ ውሃውን በጠርሙስ ይዛ ሄደች። እሷን የሰሙ ለበረካ ብለው ከዳር ዳሩ ይፈልጡ ጀመር። ግቢው ጭቃ ሆነ፣ በርሜሉ ደረቀ፣ ዘሀራ ከቦኖ ውሃ ስታስቀዳ ትውልና ማታ ከኔ ጋር አትነጋገርም። በመጨረሻ ድንጋዩን ከነጭቃው ጎትቼ መኝታ ቤት አስገባሁትና ባዶውን ቦታ በጆንያ ሸፈንኩት። ይህ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ነው። ድንጋዩን ያላዩ ሰዎች ጆንያውን ሲያዩ በእርግጥ ወርቅ ነው አሉ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል" አለችኝ ዘሀራ፣ አልጋው ሥር ያለውን ድንጋይ በእግሯ እየገፋች። "አንተ ሰውዬ፣ ምን እንደምትጥል አላየህም።"

ያየሁት ጠዋት ነው። ሀያት ሻይ አቀረበችልኝ። ስኳር የለውም። ቀና ስል ዓይኗ አብጧል።

"አባ፣ ኑረዲን ወደ አሶሳ ተዛውሯል" አለችኝ። "ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ይመለሳሉ። መልስ ካላገኙ እሱ ይሄዳል፣ እኔም ለሌላ ሰው እሺ አልልም። ይህን እንድታውቀው ነው።"

እኔ ልጅ ወልጄ ያሳደግሁት በሱቁ ገቢና በዘሀራ ትዕግሥት ነው፤ ሀያት ግን አንድም ቀን አስለቅሳኝ አታውቅም። አስለቅሼያት እንዳልቀር ፈራሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳላጣራ እሺ ብል ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ። ሸህ እንድሪስ ዘንድ ላክሁና "ሲመጡ ልጁንም ይዘውት ይምጡ" አልኩ። ለማጨት ሲኬድ ሙሽራው አብሮ አይሄድም፤ ወጉ አይደለም። ሸህ እንድሪስ ግን "ወጉ ሲጀመር ድንጋይ ነክቶታል፣ አሁን ምን ቀረው" ብለው ተስማሙ።

በቀጠሮው ቀን ድንጋዩን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሳሎን መሀል አስቀመጥኩት። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ተከሳሽ ያቀረብን እንጂ ልጅ የምንድር አንመስልም። ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ኑረዲን በሩ አጠገብ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

"ልጄ" አልኩት፣ "ከውስጡ ያለውን ታውቃለህ ብለውኛል። አላህን ፍራና ንገረኝ። ምን አለበት?"

ጠጋ ብሎ ተንበረከከ። "ግራናይት ነው፣ አባቴ። ሦስት ነገር ነው አብሮ የሚኖርበት። ይህ ግራጫው፣ መስታወት የሚመስለው ኳርትዝ ይባላል።"

"መስታወት ይቆርጣል!" አልኩ።

"ይጭራል እንጂ አይቆርጥም። ከመስታወት ስለሚጠነክር ነው። የቦርከና ወንዝ አሸዋ ውስጥም አለ።" ከመጋረጃው ጀርባ ዘሀራ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ስለ ቡፌዋ መሆኑን ገባኝ። "ይህ ሮዝና ነጩ ፌልድስፓር ነው። ከድንጋዩ አብዛኛው እሱ ነው፤ ሲያረጅ በስብሶ ሸክላ አፈር ይሆናል። የሚያብለጨልጨው ደግሞ ሚካ ነው።"

በጥፍሩ አንዲት ቅርፊት አነሳና መዳፌ ላይ አኖረልኝ። "ወርቅ ቢቀጠቀጥ ይዘረጋል። ይህ ይላጣል እንጂ አይዘረጋም።" ጠጋ ብዬ ላያት ስል ትንፋሼ አነሳትና ጠፋች። ሽማግሌዎቹ ለትንሽ ጊዜ ምንጣፉ ላይ ፈለጓት፤ ከዚያ አፍረው ቀና አሉ።

"ታዲያ ማን አመጣው፣ ከየት መጣ ያልከው ለምን ነበር?"

"የኛ አገር ጥቁሩ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በችኮላ የቀዘቀዘ ነው። ይህ ግን መሬት ውስጥ በዝግታ የቀዘቀዘ ነው፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ለብቻው የሚታየው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ተሸክሞ መምጣቱ ስለገረመኝ ነው።"

"ይኸው!" አልኩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ። "ለምን ተሸከመው?"

"ስለሚያንሸራትት ነዋ" አለች ዘሀራ ከመጋረጃው ጀርባ። "እናትህ ነግራኛለች። አያትህ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ውዱእ ሲያደርግ አዳልጦት ወገቡን ተሰበረ። ይህ ሻካራ ነው፣ አያዳልጥም ብሎ ነው ከነጋዴ ጋር ያስመጣው። አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ብታውቅ እነግርህ ነበር።"

ኑረዲን ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነው። ኳርትዙ አያልቅም፣ ሻካራነቱም አይጠፋም" አለ። ሸህ እንድሪስ "ሱብሀነላህ" ብለው ድንጋዩን በአዲስ ዓይን አዩት፤ በልባቸው እንዲህ ያለ ለኔም በሆነ ሳይሉ አልቀሩም ብዬ ጠረጠርኩ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር፤ እሱንም አልተውኩትም።

"ይህን ሁሉ አንዴ አይተህ የምታውቅ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አጎንብሰህ የቀረኸው ለምንድን ነው?"

የኑረዲን ጆሮ ቀላ። ሸህ እንድሪስ "ተናገር፣ አትፍራ" አሉት።

"ቀና ብል..." አለና ቆመ። "ቀና ብል የማየው ድንጋዩን አይደለማ፣ አባቴ። በርስዎ ፊት እንዳላፍር ነው።"

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ። ሀያት ከሁሉ በላይ ስትስቅ ድምፅዋን ለየሁት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ የቆመችው እሷ እንደነበረች ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ያኔ ነው። ባልዲ የሚሞላ ውሃ ሲፈስ ማን እንደሚያፈስ ሳልጠይቅ ቀርቼ እስከ ባቲ ሄጃለሁ።

"በል እንግዲህ" አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ጥርጣሬህ አለቀ። ልጅህን ሰጠኸን?"

እጄን ሰድጄ የድንጋዩን ዳር ያዝኩ። አሶሳ የት እንደሆነ እኔ በካርታ ነው የማውቀው፣ በካርታም ሩቅ ነው። ይቺ ሳቅ ከዚህ ቤት ልትወጣ ነው። ስንት ቀን ሙሉ በር እየዘጋሁ፣ ጆንያ እያለበስኩ፣ አልጋ ሥር እየደበቅሁ ስጠብቅ የከረምኩት ሌላ ነገር ነው፤ የሚወሰድብኝ ደግሞ ሌላ።

"ደግሞ አሁን ምን ጠረጠርክ?" አለ አንደኛው ሽማግሌ።

"ምንም አልጠረጠርኩም" አልኩ። "ድንጋዩን ውሰዱት።"

"ምን?"

"ድንጋዩን ውሰዱት። ባጃጅ እኔ እጠራለሁ፣ እኔው እጭነዋለሁ። ልጄን ተዉልኝ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቀልድ መስሏቸው ነው፤ ኑረዲን ሳይቀር ሳቀ። ሸህ እንድሪስ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ሴት ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው የጨረሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "አውቃለሁ፣ ወንድሜ" አሉኝ። "ግን እኛ ድንጋይ አልለመንህም።"

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሳቅ ቆሞ ነበር። ሀያት እየሰማች ነው።

"ሰጥቻለሁ" አልኩና እጄን ለፋቲሃ ዱዓ ዘረጋሁ።